ያጋደለው ሞገድ

ሰርፀ ሰው አያምንም። ይህን እሱ ራሱ አይክድም፤ እንዲያውም እንደ ሙያ ይቆጥረዋል። ታክሲ ሲሳፈር ቦርሳውን ወደ ሆዱ ያዞራል፣ ሥጋ ቤት ሲገባ ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አይነቅልም፣ አንድ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሌላ ሐኪም ካላየው አይውጥም። ሲግናል ሰፈር ያለውን ቤቱን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ከመንገድ ተመልሶ በሩን ገፋ ማድረግ ልማዱ ነው። ሚስቱ መሠረት፣ አንተ እኮ የሠርጋችን ቀን ቄሱን መታወቂያ ልትጠይቅ ምንም አልቀረህም እያለች ትቀልድበታለች። እሱ ግን አይስቅም፤ ከቀልዱ ጀርባ ሌላ ነገር ያለ ይመስለዋል።

ይህ ሰው የሚሠራው እንጦጦ ጋራ ወገብ ላይ፣ ባህር ዛፍ መሀል ባለ አንድ የምርምር ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ ሠራተኛው በሙሉ «ጡሩንባው» የሚለው ማሽን አለ። ስሙን ያገኘው ጫፉ ላይ እንደ ጡሩንባ አፍ የሰፋ ቀንድ ስላለው እንጂ ድምፅስ የለውም፤ ሲተኮስ ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ደረቅ ጠቅታ ብቻ ትሰማለች። ሥራው እጅግ ኃይለኛ የማይክሮዌቭ ሞገድ ማመንጨት ነው። ወጥ የምናሞቅበትን የቤቱን ማይክሮዌቭ ጉልበት መቶ ሺህ ጊዜ አብዝቶ፣ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ ይለቀዋል። የስልክ ማማ ላይና የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ የሚገጠሙ ዕቃዎች ድንገት እንዲህ ያለ ሞገድ ቢመታቸው ይቃጠላሉ ወይስ ይተርፋሉ የሚለውን ለመፈተን ነው የተሠራው። የቡድኑ መሪ ሰርፀ ነው።

የማሽኑ ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው። በአንደኛው ጫፍ ካቶድ የሚባል ቀለበት አለ፤ ኤሌክትሮኖች የሚነሱት ከእሱ ነው። በቱቦው ዙሪያ የተጠቀለለው የመዳብ ማግኔት ኤሌክትሮኖቹን አግዶ በመሀል ለመሀል ይነዳቸዋል፤ በቱቦው ውስጥ በተሸነሸነው ግድግዳ አጠገብ ሲያልፉ ሞገዱ ይወለዳል። ሞገዱ በሁሉም ጎን እኩል ሆኖ ከወጣ፣ ከቀንዱ ፊት ለፊት በተተከለው ሰሌዳ ላይ ያሉት ትናንሽ የኒዮን አምፖሎች ቀለበት ሠርተው ይበራሉ። ያ ነው የሚፈለገው። የኤሌክትሮኑ ጨረር ከመሀል ጥቂት ፈቀቅ ካለ ግን ሌላ ዓይነት ሞገድ ቀዳዳ አግኝቶ ይነሳና የዋናውን ጉልበት ይሻማዋል። ያን ጊዜ ቀለበቱ ይፈርሳል፤ አምፖሎቹ በአንድ ወገን ተሰብስበው ይበራሉ፣ የሚወጣውም ኃይል ግማሽ አይሞላም። የሙያው መጻሕፍት ጎኑ ያልተመጣጠነ ሞድ ይሉታል። ግቢው ውስጥ ግን «አጋደለ» ብቻ ነው የሚባለው።

ጡሩንባው ክረምቱን ያርፋል። በክረምት እንጦጦ ላይ ጉሙ ቤት ድረስ ዘልቆ ይገባል፣ ርጥበቱ ለከፍተኛ ቮልቴጅ አይመችም፣ መብራቱም ቢሆን እንዳሻው ነው። በዚያ ክረምት ወደ ግቢው ሁለት አዲስ ነገር ገባ። ለዘመናት ካቶድ ሲገጥሙ የኖሩት አቶ ልደቱ ጡረታ ወጡና በቦታቸው ሩታ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ተቀጠረች። ደግሞም ሌቦች አጥር ዘለው የግቢውን የመዳብ ሽቦ ከመሬት መዝዘው ወሰዱ። ሰርፀ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣ። ነገ ደግሞ ማግኔቱን ሊፈቱት ነው፣ እሱም እኮ ንጹሕ መዳብ ነው እያለ የግቢውን ኃላፊ ዶክተር ተክለብርሃንን መቀመጫ ነሳቸው፤ እሳቸውም ሰልችቷቸው የፈለግከውን አድርግ አሉት። የፈለገውን አደረገ። መገናኛ አካባቢ ካለ ብየዳ ቤት ሄዶ ለማሽኑ ክፍል የባንክ ካዝና የሚያሳፍር የብረት በር አሠራ፤ ላሜራው ወፍራም፣ በላዩም ሌላ ብረት የተደረበበት፣ አራት ወጠምሻ ተሸክሞ ያቃሰተበት በር። በሩ ሲከፈት ወደ መተላለፊያው ይወጣል፤ ሲዘጋ ከካቶዱ አጠገብ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚነካ ርቀት ላይ ይቆማል። ሰርፀ ቁልፉን የሰጠው ለራሱና፣ ያለሱ ሥራዋን መሥራት ስለማትችል፣ ሳይወድ በግድ ለሩታ ነበር።

መስከረም ላይ ማሽኑ ሲነሳ አጋደለ።

መጀመሪያ ላይ ማንም አልደነገጠም፤ ከክረምት የወጣ ማሽን መነጫነጩ ያለ ነው። ሩታ ካቶዱን ፈትታ እንደገና ገጠመችው፤ አጋደለ። በአዲስ ቀየረችው፤ አጋደለ። ጥቅምት ገብቶም ያው ሆነ። ሰርፀ በኮምፒዩተሩ ስሌቱን ደጋግሞ አየው። ስሌቱ በዚህ አሠራር ፈጽሞ ማጋደል የለም ይላል፤ የሚያሳየው የተዋበ ቀለበት ነው። ሰው የማያምነው ሰርፀ ኮምፒዩተሩን እንደ ነፍስ አባቱ ያምነዋል። ስሌቱ ልክ ከሆነ፣ ማሽኑም አምና የሠራው ያው ማሽን ከሆነ፣ የተቀየረው ምንድነው? ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱም ወዲያው መጣለት። የተቀየረው ሰው ነው። ብረት ማን ይጠረጥራል?

ሩታ የሙከራ ጊዜዋ ላይ ናት። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው በአንድ ቃል ይሰናበታል፤ ያቺ ቃል ደግሞ የቡድን መሪው የሰርፀ ናት። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ማስተርሷን እስክትጨርስ አሳር አይታ፣ ከዚያም በሙያዋ ሥራ ስትፈልግ ከርማ ያገኘችው ሥራ ነው። በአገሩ ላይ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው እዚህ ብቻ በመሆኑ፣ ከዚህ ከወጣች የተማረችው ትምህርት ለወሬ ካልሆነ ለሌላ አይሆናትም።

ሰርፀ ይከታተላት ጀመር። የሚከታተል ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይቀርም። ሩታ የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ ተነስቶ እንጦጦ መድረስ አባዶ የታክሲ ሰልፍ፣ መገናኛ ሰልፍ፣ ከዚያ ፈረንሳይ ሰፈር፣ ከዚያም ዳገቱ ነው። ሰልፉ ሳይበዛ ጎህ ሲቀድ ስለምትወጣ የግቢውን ሰርቪስ ሳትጠብቅ ከሁሉ ቀድማ ግቢ ትደርሳለች። ሰርፀ ይህን ከጥበቃው ሲሰማ አልተዋጠለትም። ደመወዝ ለማይጨመርበት ሥራ ማን ቀድሞ ይገባል? ደግሞም ካቶዱን በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ለማወዳደር ነው አለችው። ለማን ነው የምታወዳድረው አለ በሆዱ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ደግሞ መገናኛ፣ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ከማያውቀው ረጅም ሰው ጋር ላፕቶፕ ከፍተው አንገት ለአንገት ገጥመው አያቸው። ከአንድ የስልክ መደብር ደጅ ቆሞ፣ የሚገዛ መስሎ፣ እስኪነሱ ድረስ ጠበቀ። የተነጋገሩትን አልሰማም፤ ስላልሰማ ደግሞ የፈለገውን ሞላበት።

ጥርጣሬውን የነገረው ለነአምን ነው። ነአምን የአምፖል ሰሌዳውንና ልኬቱን የሚይዝ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ሰርቪስ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ነአምን ሰው ፊት ክፉ ቃል አይወጣውም። አንተ ካልክማ እንግዲህ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። ዳገቱን ሲወጡ ግን ጎንበስ ብሎ፣ የመዳቡስ ሌቦች ግቢውን ማን አሳያቸው? አለ። ሰርፀ ይህን አላሰበውም ነበር። ሽቦው የተሰረቀው ሩታ ከመቀጠሯ በፊት ይሁን በኋላ ቆጥሮ እንኳ አላጣራም፤ ነገሩ ገጠመለትና በቃ።

አንድ ጠዋት ፊቷ ቆሞ ካቶዱን አስለካት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ማግኔቱ ጠፍቷል። ሩታ መለኪያዋን ደግና ቀለበቱን ቀስ ብላ ዞረችው፤ መርፌዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ካቶዱ መሀል ላይ ነው። ከዚያ ወጡ፣ ሰርፀ የብረት በሩን በገዛ እጁ ቆለፈ፣ ከግድግዳው ወዲያ ካለው መቆጣጠሪያ ክፍል ሆነው ተኮሱ። አምፖሎቹ ወደ ግራ ተሰብስበው በሩ።

«ጋሽ ሰርፀ፣» አለች ሩታ፣ «የእርስዎ ስሌት እኮ የሚያሰላው የቱቦውን አንድ ጎን ብቻ ነው። ሌላውን ጎን ያው ነው ብሎ ያልፈዋል። ማጋደሉን እንዴት ሊያሳየን ይችላል? ሁለታችንም ያላየነው ነገር ይኖራል።»

ንግግሯ ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም። ደግሞ ልክ ናት፤ ስሌቱ ቶሎ እንዲያልቅለት ሲል ሁሉም ጎን አንድ ነው ብሎ ያስጀመረው ራሱ ነበር፣ ከጊዜ ብዛት ረስቶታል። ሰርፀ ግን የሰማው ሌላ ነው። ጥፋቱን ወደ እኔ ልታዞር ነው ብሎ ፊቱ ደም መሰለ። ትቷት ወጣ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ሩታ ቀረች። ጎረቤቷ ሞተባትና ቀብር አለብኝ ብላ አስፈቀደች። ሰርፀ ይህን አጋጣሚ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ካቶዱን ራሱ ገጠመው፤ እውነት ለመናገር እንደ እሷ አልተጠበበበትም። ገጥሞ ሲያበቃ በሩን እንደተከፈተ ትቶት ወጣ። ከማን ሊዘጋው? የሚያሰጋው ሰው አባዶ ለቅሶ ላይ ነው። ነአምንን ጠርቶ ተኮሱ።

ሰሌዳው ላይ ቀለበት በራ። ያማረ፣ የተሟላ፣ አምና ያዩት ዓይነት ቀለበት። ደግመው ተኮሱ፤ ቀለበት። ነአምን ወደ ሰርፀ ዞሮ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ሰርፀ ደስ አለው። ሰው ተንኮል ሲገኝበት እንዴት ደስ ይላል? እሱን ግን ደስ አለው፤ ማሽኑ ቀጥ ስላለ ሳይሆን ጥርጣሬው ቀጥ ስላለለት። በማግስቱ ሩታ መጣች፣ በሩ እንደ ወትሮው ተቆለፈ፣ ሞገዱም አጋደለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ዶክተር ተክለብርሃን ቢሯቸው አስጠሩት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ማንዘዛት ግን አይወዱም። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ነው፣ ወይ ትጽና ወይ ትሂድ አሉት።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጅቷ ናት ወይስ አይደለችም?»

«እሷ ስትኖር ያጋድላል፣ ሳትኖር ቀጥ ይላል። ሌላ ምን ልበልዎ?»

እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም። ሩታ ከሰዓት በኋላ ተጠርታ ከእንግዲህ እንዳትመጣ ተነገራት። ምክንያቱን ስትጠይቅ የሙከራ ጊዜ ምክንያት አያስፈልገውም ተባለች። ስትወጣ ሰርፀን መተላለፊያው ላይ አገኘችው፤ ቁልፉን አውጥታ ሰጠችውና፣ ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብለው ያምናሉ? ብላ ጠየቀችው። ስልኩ የጠራ አስመስሎ ወደ ጆሮው አስጠግቶ አልፏት ሄደ። ስልኩ አልጠራም ነበር።

ወሬው ግቢውን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። አንዱ ለውጭ ሰው ነበር የምትሠራው አለ፣ ሌላው የመዳቡም ነገር የእሷው ነው አለ፣ ምንም የማያውቀው እንኳ ሁኔታዋ ድሮም አላማረኝም አለ። ማሽኑ ደግሞ ወሬውን አጸናው። ሩታ ከሄደች ጀምሮ አንድ ቀን አላጋደለም። በሩን የሚዘጋው ሰው አልነበረም፤ ሌባው ተገኝቶ የለ እንዴ? ወፍራሙ ብረት መተላለፊያው ላይ ተገትሮ ሰው ትከሻውን እየላጠበት ያልፋል፤ ከወዲያ ጡሩንባው ቀለበት በቀለበት ላይ ያወጣል። ሰርፀን ሰው እጁን እየጨበጠ አመሰገነው። በቤቱም መሠረት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጥርጣሬህ ሠራልህ አለችው። ያን ቀን ሳቀ።

ጥር ላይ እንግዶች ሊመጡ ሆነ፤ ከአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ማሽኑን ሊያዩ። ዶክተር ተክለብርሃን ከቀናት በፊት ግቢውን እየዞሩ ሲያስጠርጉ መተላለፊያው ላይ ያለው በር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ይህን ነገር ዝጉት፣ እንግዳ በየት ይለፍ? አሉ። ሰርፀ ዘጋው። ከዚያ ልምምድ ብሎ አንድ ተኮሰ።

አጋደለ።

መጀመሪያ ወደ ልቡ የመጣችው፣ ማን ትሁን፣ ሩታ ናት። ገብታለች አለ። ሮጦ ጥበቃው ዘንድ ሄደና ያቺ ልጅ በዚህ ሰሞን መጥታ እንደሆነ ጠየቀ። ኧረ ከሄደች ወዲህ በዓይኔም አላየኋት አለው። ቁልፉን አስመስላ አስቀርጻ ይሆናል ብሎ ቁልፉን አገላብጦ አየው። ተመልሶ በሩን ከፈተና ካቶዱን መረመረ፤ ማንም አልነካውም። ግራ እንደገባው በሩን ሳይዘጋ ወጥቶ ተኮሰ። ቀለበት።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ፣ ካሜራ የሚያመጣለትን የሰሌዳውን ምስል አየ። አንድ ነገር ወደ ሐሳቡ መጣ፤ ገፋው፤ ተመልሶ መጣ። ተነስቶ በሩን ዘጋውና ተኮሰ። አምፖሎቹ ወደ ግራ ሄዱ። ከፈተው። ቀለበት። ዘጋው። ግራ። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጥር፣ እንጦጦ ላይ፣ ሰርፀን ላብ አጠመቀው።

ብረትና ማግኔት እንደሚሳሳቡ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። ያ ሁሉ ላሜራ ካቶዱ ጎን ሲቆም የማግኔቱን ጉልበት ወደ ራሱ ይስባል፤ ኤሌክትሮኖቹ ገና ሲነሱ ከመሀል ወጥተው ወደ በሩ ያዘነብላሉ፤ ያ ሌላው ሞገድ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሩታ በሩ ተከፍቶ፣ ማግኔቱ ጠፍቶ ስትለካ ካቶዱ መሀል ላይ ነበር፤ እውነቷን ነው። ከዚያ እሱ፣ እሷን ፈርቶ፣ በሩን ይዘጋል። የሚያጋድለው እሱ ነበር። እሷ በቀረች ቀን ደግሞ የሚፈራው ስለሌለ አልዘጋውም፤ ስላልዘጋው ቀጥ አለ፤ ቀጥ ስላለ ልጅቷ ተባረረች። ሰርፀ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አፈረ፤ እንደ ልጅ አፈረ። ቀጥሎም ፈራ።

ያኑ ቀን ወደ ዶክተር ተክለብርሃን ገባና አንድ በአንድ ነገራቸው። እሳቸው ግን መስማት የፈለጉትን ሰሙ፤ ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል፣ በሩን አስነቅለው አሉት። የሩታን ነገር ሲያነሳ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹና መነጽራቸውን አወለቁ። የሙከራ ጊዜ ነበር፣ አላለፈችም፤ ይህ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ነው አሉ። አሁን እንመልስሽ ብንላት ለምን አባረራችሁኝ ትላለች፣ እንግዶቹ ሊመጡ ነው፣ ነገር አታስነሳ። በሩ በማግስቱ ተነቅሎ ከግንብ ኋላ ተጣለ። ለምን እንደተነቀለ የጠየቀ የለም፤ ሰው ሁሉ ስለማያስፈልግ ነው ብሎ አለፈው።

ሰርፀ እህል አልወርድለት አለ። መሠረት ሁኔታውን አይታ ምን ሆነሃል ስትለው ነገራት። እንግዲህ ሂድና ይቅርታ ጠይቃት አለችው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መገናኛ ወርዶ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመ። ሰልፉ ይጠመዘዛል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ረዳቱ አጠጋጉት እያለ ሰው ላይ ሰው ይጭናል። መንገዱ አያልቅም። ይህችን መንገድ በየቀኑ ስትመላለስ አንድ ጊዜ እንኳ አስቦላት አያውቅም ነበር።

ብሎኩን ጠይቆ አገኘና ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። በሩን የከፈተለት መገናኛ ካፌ በረንዳ ላይ ያየው ረጅም ሰው ነው። ወንድሟ ነበር፤ መልኩ ቁርጥ ሩታን፣ እንዴት እንዳላስተዋለ ገረመው። ሩታ ከውስጥ ወጥታ ስታየው ፊቷ ተለወጠ፤ ሆኖም ቤቷ የመጣ ሰው ነውና ይግቡ አለችው። ሶፋው ላይ አስቀምጣ ውኃ አቀረበችለት። ጠረጴዛው ላይ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሮች ተከምረዋል፤ ቤት ለቤት እያስጠናች ነው የምትኖረው። ወንድሟ አልተቀመጠም፤ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝታ እንደነበር፣ ሊቀጥሯት ሲሉ እንጦጦ ግቢ ደውለው ጠይቀው እንደተዉአት የነገረው እሱ ነው። ስልኩን ያነሳውን ሰው ማንነት አያውቁም። እምነት የሚጣልባት አይደለችም መባሏን ግን ያውቃሉ።

ሰርፀ ውኃውን ሳይነካ ሁሉንም ነገራት። የበሩን፣ የማግኔቱን፣ የቀረችበትን ቀን፣ ስልኩ እንዳልጠራ እንኳ ሳይቀር። ሩታ ስለ ብረቱ ሲነግራት ለአፍታ ዓይኗ በራ፣ መሐንዲስ ናትና፤ ወዲያው ጠፋ። ሲጨርስ ይቅርታ አድርጊልኝ አላት። እሷ ከደብተሮቹ አንዱን አንስታ ጠርዙን አስተካከለችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ለእኔ ለምን ይነግሩኛል ጋሽ ሰርፀ?» አለችው። «እኔ እኮ እንዳላደረግኩት አውቃለሁ። ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። የማያውቁት እነሱ ናቸው።»

ሰርፀ ያን ጊዜ ገባው። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ እውነቱን የነገረው፣ ከሰው ሁሉ መሀል እውነቱን ከነገሩ መጀመሪያ አንስቶ ለሚያውቅ ሰው ኖሯል። ሌላው ሰው ፊት መናገሩን ፈርቶ እዚህ፣ በዝግ ቤት፣ ቀላሏን ይቅርታ ሊለምን መጣ። ተነስቶ ደረጃውን ወረደ።

ታክሲው እስኪሞላ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን አወጣ። የግቢው ሠራተኛ በሙሉ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ለቅሶና ልደት ነው የሚጻፍበት። እንዲህ ሲል ጻፈ። ሩታ ማሽኑ ላይ ያደረገችው አንዳች ነገር የለም። ያጋድል የነበረው እኔ ያሠራሁት የብረት በር ሲዘጋ ነው። በእሷ ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነው፤ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ በሩን አስመጥቼ፣ እያየ ማሽኑን እተኩሳለሁ። ዶክተር ተክለብርሃን እንደሚቆጡ ያውቃል፤ የገዛ እንጀራውም ሊነካ እንደሚችል ያውቃል። መልሶ ሳያነብ፣ ሳያሻሽል ላከው።

ሰዎቹ ሲያነቡት ይታየዋል፤ የአንባቢው ቁጥር ይጨምራል። የሚጽፍ ግን የለም። ታክሲው ተነስቶ ከአባዶ ወጣ፣ ያም ሆኖ አንድ ቃል የጻፈ አልነበረም። ሰው ሁሉ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ሲተያይ ታየው። መገናኛ ሊደርሱ ሲሉ ስልኩ ጠራ። ነአምን ነው።

ነአምን ሰላምታውን አላሳጠረም፤ የመሠረትን ደኅንነት ጠየቀ፣ የልጆቹን ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰርፀ፣ እኔና አንተ እንደ ወንድማማች ነን። እውነቱን ንገረኝ፣ በአንተና በልጅቷ መሀል ምን አለ?»

«ምንም የለም፣» አለ ሰርፀ።

«ዛሬ አባዶ ሰልፍ ላይ ቆመህ ያየህ ሰው አለ። ቤቷ ሄደህ ነበር?»

«ሄጄ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ነው የሄድኩት።»

ነአምን እሺ አለ። እሺ ካለ በኋላ ስልኩን አልዘጋውም፣ የጨመረውም ነገር የለም፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ሰርፀ ስለ በሩ እንደገና ማስረዳት ጀመረ፣ መሀል ላይ አቆመው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል፤ ያልሰማውን እየሞላ ነው። በዚያ ላይ ምን ቢናገር፣ ምን ቢምል፣ አንዱም ከዚያ ጥርጣሬ እንደማያወጣው ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።